ዛፉን ከመቁረጥዎ በፊት ማንሆሉን ያስከፍቱ

ጥያቄ፦ «ሰሚት አካባቢ በ200 ካሬ ቦታ ላይ ነው የምንኖረው። ውሃው ከቆጣሪው ተነስቶ በግቢው ግራ በኩል ወደ ሮቶው ይሄዳል። የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ጓሮ ያለው ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ይገባል። ከሴፕቲኩ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ቤቱን ስንገዛ የነበረ ትልቅ የጎማ ዛፍ አለ። በጋውን ደህና ከርሞ ክረምት በገባ ቁጥር ሽንት ቤቱ ይሞላና ይመለሳል። ቧንቧ ሠራተኛው የዛፉ ሥር ነው፣ ቁረጡት አለን። አማቴ ዛፉ እንዲነካ አይፈልጉም። እኔ ደግሞ ለሐምሌ ዝግባ፣ አቮካዶና ለአጥር የሚሆን ቁጥቋጦ አዘጋጅቻለሁ። ዛፉ ይቆረጥ? አዲሶቹን ምን ያህል አርቄ ልትከል? ፕላስቲክ ቧንቧ ሥር አይገባውም የሚባለውስ እውነት ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስቱንም እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን መጋዙን ያስቁሙት። የጻፉት ምልክት ከዛፍ ሥር ይልቅ የዝናብ ውሃን ነው የሚያስጠረጥረው። ዛፉ ተቆርጦ፣ ጓሮው ተራቁቶ፣ በሚቀጥለው ክረምት ሽንት ቤቱ እንደገና ቢመለስ ገንዘቡም ዛፉም ባከነ ማለት ነው።

እኔ የሳኒተሪ መሐንዲስ ነኝ። እንጀራዬ ቧንቧ ነው፣ ዛፍ ደግሞ እወዳለሁ። ሁለቱ ጠላት ናቸው የሚባለውን አልቀበልም። በደንብ የተገጠመ ቧንቧና ቦታውን ያገኘ ዛፍ ለብዙ ዘመን አብረው ይኖራሉ። ጣጣው የሚጀምረው ቧንቧው ማፍሰስ ሲጀምር ነው።

የዛፍ ሥር ቧንቧ የት እንዳለ አያውቅም። የሚያድገው እርጥበት፣ አየርና ምግብ ባገኘበት በኩል ነው። አፈሩ ሲደርቅበት እድገቱ ይቆማል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይገፋል። ያልተሰነጠቀና መጋጠሚያው ያልላላ ቧንቧ ለሥሩ የሚሰጠው ነገር የለም። ስለዚህ ሥሩ ከላዩ ወይም ከታቹ አልፎት ይሄዳል። የሚያፈስ መጋጠሚያ ካለ ግን በዙሪያው ያለው አፈር በጋውን ሙሉ እርጥብ ይሆናል። ሥሮች እዚያ ይበዛሉ። ከዚያ አንዷ ፀጉር የምታክል ሥር በክፍተቷ ትገባለች። ውስጥ ስትደርስ ውሃ አለ፣ አየር አለ፣ ከሰገራና ከሽንት የሚመጣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አለ። እዚያው ትባዛለች፣ ትጠላለፋለች። ሶፍቱን፣ የወጥ ቤቱን ቅባት፣ የሕፃን መጥረጊያውን ትይዛለች። መጋጠሚያው ላይ ያለው ክፍሏ ደግሞ እየወፈረ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ቧንቧው መጀመሪያ ሳያፈስ ሥር ገባበት የሚባል ነገር በጣም ጥቂት ነው።

ንጹሕ ውሃ ከሚሄድበት መስመር ይልቅ የፍሳሽ መስመር የሚጠቃውም በዚህ ምክንያት ነው። የውሃው ቧንቧ ሞልቶ በግፊት ይሄዳል፣ አየር የለውም። የፍሳሹ ግን ግማሹ ባዶ ነው፣ ግፊት የለውም፣ ምግብ ሞልቶታል። በዚያ ላይ መጋጠሚያው ብዙ ነው።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ነገር አለ። ቧንቧ ሲቀበር የተቆፈረው ቦይ ተመልሶ ሲሞላ ብዙ ጊዜ በወጉ አይጠቀጠቅም። አፈር በአካፋ ይጣላል፣ በእግር ይረገጣል፣ በቃ። ያ አፈር ከአካባቢው ይልቅ ልል ስለሚሆን ውሃና አየር ይይዛል። ሥሩ ቦዩን ተከትሎ ይሮጣል። መንገዱ ላይ የላላ መጋጠሚያ ካገኘ ይገባል፣ ካላገኘ ያልፋል። ስለዚህ አዲስ መስመር ስታስቀብሩ አፈሩን በስስ በስስ እየጨመራችሁ ማስጠቅጠቅ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ጥልቀቱም ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። የዛፍ ሥር ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ይመስለናል። አብዛኛው ሥር ግን ከላይ ባለው ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ባለው አፈር ውስጥ ነው ያለው። ወደ ጎን ደግሞ ከቅርንጫፉ ጥላ በእጅጉ አልፎ ይሄዳል። የቤት ቧንቧዎቻችንም የሚቀበሩት እዚያው ጥልቀት ላይ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ጓሮ እንምጣ። ሥር የዘጋው መስመር ጠባዩ ይታወቃል። በአንድ ሳምንት አይዘጋም። መጀመሪያ ውሃው ይዘገያል፣ ሲለቀቅ ይንጎራጎራል። ሠራተኛ መጥቶ በሽቦ ሲወጋው ለጥቂት ወራት ይከፈታል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ክረምት በጋ ብሎ አይለይም። እንዲያውም በጋ ላይ፣ አካባቢው ሲደርቅ፣ ሥሩ እርጥበት ያለበትን መጋጠሚያ ነው ሙጭጭ ብሎ የሚይዘው። የእናንተ ግን በጋውን ሙሉ ደህና ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዝናቡ ጋር ነው፣ የሚሄደውም ከዝናቡ ጋር ነው።

ሰሚት፣ እንደ ቦሌ፣ ሲኤምሲና አያት ብዙ ቦታ ሁሉ፣ ጥቁር ዋልካ አፈር አለው። ዋልካ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ከሴፕቲኩ የሚወጣው ውሃ በዚያ ስንጥቅ እየሰረገ ይሄዳል፣ ያንን ውሃ ተቀብሎ ወደ አፈሩ የሚያሰርገው ማስረጊያ ጉድጓድም የሚሠራ ይመስላል። ሰኔና ሐምሌ ላይ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ውሃ የሚያሳልፈው በጣም በዝግታ ነው። ማስረጊያው ይሞላል፣ ሴፕቲኩ ይሞላል፣ ቀጥሎ ሽንት ቤቱ ይመለሳል። እዚህ ውስጥ ዛፉ እጁ የለበትም።

ግምቴን ግን እንደ ፍርድ አይውሰዱት። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሽንት ቤቱ በተመለሰ ቀን፣ ቤቱ አጠገብ ያለውን ማንሆልና የሴፕቲኩን ክዳን ሁለቱንም ያስከፍቱ። የቤቱ ማንሆል ሞልቶ ወደ ሴፕቲኩ የሚገባው ቧንቧ አፍ ደረቅ ከሆነ፣ መዘጋቱ በሁለቱ መካከል ነው። ሥር ሊሆን ይችላል፣ የተጠራቀመ ሶፍት ሊሆን ይችላል፣ የተሰበረ ቧንቧም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እስከ አፋቸው ከሞሉ ግን መስመሩ ክፍት ነው፣ መሄጃ ያጣው ሴፕቲኩ ነው። የፍሳሽ መኪና ጠርታችሁ አስመጥጣችሁ በሁለት ሦስት ቀን ተመልሶ ከሞላ ደግሞ ነገሩ ለየለት። ቤተሰቡ በዚያ ጊዜ ያን ያህል ውሃ አይጠቀምም። የገባው ከውጭ ነው።

እዚህ ላይ አደራ። ማንም ሰው፣ ሠራተኛም ቢሆን፣ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ እንዳይገባ። ለአንድ ደቂቃም፣ የወደቀ ነገር ለማንሳትም ቢሆን። ውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል። ሊያወጣው የገባው ሁለተኛ ሰውም አብሮ ይሞታል። ክዳኑ ሲከፈት ሲጋራም ክብሪትም አጠገቡ አይኑር፣ ሚቴን ይቀጣጠላል። ልጆች ካሉም ክዳኑ ተከፍቶ ለአፍታ እንኳ ያለ ጠባቂ አይተው።

ቀጥሎ የጣሪያውን ውሃ ይከተሉ። አሸንዳው የሚወርደው የት ነው? ብዙ ቤት የአሸንዳው ቧንቧ በአቋራጭ ማንሆል ውስጥ ተደርጎ ይገኛል። ሒሳቡን እንየው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 3,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። በክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ የሚጥል ዝናብ ነው። ይህ ሁሉ ሴፕቲክ ውስጥ ከገባ የትኛውም ሴፕቲክ አይችለውም። የሚያጣራውን ደለልም እያመሰ ወደ ማስረጊያው ይገፋዋል፣ ማስረጊያውም ለዘለቄታው ይደፈናል። ለማረጋገጥ በአሸንዳው መውረጃ አንድ ባልዲ ቀለም የነካው ውሃ ያፍሱና ማንሆሉ ላይ ቆመው ይመልከቱ።

ቀለሙ ከታየ መፍትሔው ዛፍ መቁረጥ ሳይሆን የአሸንዳውን ውሃ ለይቶ ወደ ዲች ማውጣት ነው። የማንሆሎቹንና የሴፕቲኩን ክዳን አፍ ከመሬቱ በአንድ ጡብ ያህል ከፍ ማድረግም አለ፣ የጎርፍ ውሃ በዚያ ነውና የሚገባው። የማስረጊያ ጉድጓዱ ጠባብ ከሆነ ማስፋት ይቻላል። በዋልካ ላይ ግን ጥልቅ ጉድጓድ ከመቆፈር በጠጠር የተሞላ ረጅም ቦይ ይሻላል፣ ውሃው ሰፊ ቦታ ስለሚያገኝ። ይህን ሥራ ክረምት ከወጣ በኋላ ያሠሩት።

መዘጋቱ በመካከል ከሆነስ? ያኔ ሥር ነው ያለዎት ሠራተኛ ሥሩን ያሳይዎት። ከቧንቧ የወጣ ሥር ቡናማ፣ ፀጉራም፣ የተጠላለፈ ጥቅል ነው። በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይያዛል። በቃል ብቻ ሥር ነው ተብሎ የተቆረጠ ዛፍ ብዙ አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል። ካሜራ ያለው ባለሙያ ካገኙማ የት ሜትር ላይ እንደገባ በትክክል ያውቃሉ።

ሥር ከተገኘ መወጋቱ ጊዜያዊ ነው። ቁርጡ እንደገና ያቆጠቁጣል። ዘላቂው ሥራ ያንን የቧንቧ ክፍል ቆፍሮ አውጥቶ መቀየር ነው። በዛፉ አቅራቢያ መጋጠሚያ እንዳይኖር ሙሉውን ፒቪሲ (የፕላስቲክ ቧንቧ) ሳይቆረጥ ያስተኙት፣ መጋጠሚያው ከዛፉ ራቅ ያለ ቦታ ላይ ይሁን። ቦታ ካለ መስመሩን በሌላ በኩል ማዞር ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ጨው፣ አሲድ፣ በረኪና፣ ሰማያዊው የመዳብ ዱቄት ይደፋበት የሚል ምክር ይሰማሉ። አይሞክሩት። ሴፕቲክ የሚሠራው በውስጡ ባሉ ባክቴሪያዎች ነው፣ እነዚህ ነገሮች እነሱን ይገድላሉ። አሲዱ የሲሚንቶውን ግድግዳ ይበላል። ጨውና መዳቡ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ይቀራል።

ፕላስቲክ ቧንቧ ሥር አይገባውም የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የፒቪሲ ግድግዳ ሥር አይበሳውም፣ ትክክል ነው። ሥር የሚገባው ግን በግድግዳው አይደለም፣ በመጋጠሚያው ነው። ጉሚ ያለው ሶኬት (የቧንቧ ማገናኛ) በንጹሕ እጅ ከተገጠመ ወይም በማጣበቂያ በደንብ ከተያያዘ ለዘመናት ይኖራል። የቧንቧውን ጫፍ በእሳት አሙቀው አፉን አስፍተው አንዱን በአንዱ ውስጥ የሚከቱ ሠራተኞች ግን አሉ። ያ መጋጠሚያ ውሃ ሲሄድበት የያዘ ይመስላል፣ ግን ክብ አይደለም፣ ጉሚም የለውም። ከዓመታት በኋላ ሥር የሚገኘው እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው። ሲያሠሩ ሶኬቱን ገዝተው ይስጡ፣ ቆመውም ያሠሩ። ከቧንቧው ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ይነጠፍ፣ ድንጋይ እንዳይወጋው። ቁልቁለቱም በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ያለ ቁልቁለት የተኛ ቧንቧ ውሃ ያቁራል፣ የቆመ ውሃ ደግሞ ያፈሳል፣ ነገሩ ከዚያ ይጀምራል።

የድሮ ቤቶች የሲሚንቶ ቧንቧ ሌላ ነው። በየአጭሩ ይጋጠማል፣ መጋጠሚያው ሞርታር ነው፣ ሞርታር ደግሞ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ መስመር ያለበት ግቢ ውስጥ ዛፍ ከመትከል በፊት ቧንቧውን መቀየር ነው የሚያዋጣው።

ወደ ሮቶው የሚሄደው የውሃ መስመርዎ ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ? ጋልቫናይዝድ ብረት ከሆነ በእርጥብ ዋልካ ውስጥ ይዝጋል፣ መጀመሪያ የሚያፈሰውም ጥርሱ የወጣለት ቦታ ነው። በሙቀት የተበየደ ፒፒአር ወይም ኤችዲፒኢ የተባለው ፕላስቲክ ከሆነ ግን ለሥር የሚሆን ክፍተት የለውም ማለት ይቻላል። ለማንኛውም ማፍሰሱን ይፈትሹ። ውሃ በፈረቃችሁ በመጣ ቀን ሮቶውን ሞልተው ቧንቧዎቹን ሁሉ ይዝጉ፣ የሮቶው ተንሳፋፊም መዝጋቱን ያረጋግጡ። ማታ ቆጣሪውን አንብበው ይጻፉ፣ ሌሊቱን ማንም ሳይጠቀም ጠዋት እንደገና ያንብቡ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ መሬት ውስጥ የሚያፈስ ቦታ አለ። ይህ ለዛፉ ብቻ አይደለም። ውሃ በማይኖርበት ቀን መስመሩ ባዶ ስለሚሆን በዚያች ቀዳዳ ከውጭ ያለው ቆሻሻ ውሃ ይገባል። የፍሳሽ ማስረጊያ ባለበት ግቢ ውስጥ ይህ የልጆች ጤና ጉዳይ ነው። ካፈሰሰ ሌላ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ያንን ያስጠግኑ።

ስለ ዋልካው አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሥር ሳይገባ ቧንቧ የሚሰበርበት መንገድ ነው። ዋልካ በበጋ ይጨማደዳል፣ በክረምት ያብጣል። ትልቅ ዛፍ አጠገቡ ካለ በበጋ ውሃውን ስለሚስብ መጨማደዱ ይብሳል። አፈሩ ሲንቀሳቀስ ቧንቧውን ይጎትተዋል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል። ስለዚህ በቀይ አፈር ላይ የሚበቃ ርቀት በዋልካ ላይ አይበቃም። እኔ በዋልካ ላይ ርቀቱን በግማሽ እጨምራለሁ፣ ከዚህ በታች የምሰጥዎት ቁጥርም ይህን ያካተተ ነው።

በቧንቧ አጠገብ ጨርሶ የማላስተክላቸው ዛፎች አሉ። የጎማ ዛፍ፣ ፊከስ፣ ዋርካ፣ ሾላ፣ አኻያ፣ ባህር ዛፍ፣ ሸውሸዌና ቀርከሃ። ዋርካና ሾላ የአገር ኩራት ናቸው፣ ቦታቸው ግን አደባባይና ሜዳ ነው። አኻያ በተፈጥሮው የወንዝ ዳር ዛፍ ነው፣ እርጥበት ካለበት አይርቅም። ባህር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ቶሎ አድጎ ለማገዶና ለቤት ሥራ እንዲደርስ ነበር። ያ ቶሎ ማደጉ ብዙ ውሃ መጠጣቱ ነው። እነዚህን ከማንኛውም የፍሳሽ መስመር ቢያንስ 15 ሜትር አርቃለሁ። በ200 ካሬ ግቢ ውስጥ እንግዲህ ቦታ የላቸውም ማለት ነው።

ግራቪሊያን በተመለከተ ከግብርና ባለሙያዎች ጋር ሁልጊዜ እንከራከራለን። እነሱ ሥሯ ጥልቅ ነው፣ ከሰብል ጋር አትሻማም ይሉኛል። ለእርሻ ዳር እውነት ነው። በከተማ ግቢ ውስጥ ግን የሚያፈስ የፍሳሽ መስመር ካገኘች አትምርም። እርሷንና ጃካራንዳን ከፍሳሽ መስመር 8 ሜትር ያህል አርቁ እላለሁ። ጽድና ወይራ በዝግታ ስለሚያድጉ 5 ሜትር ይበቃቸዋል። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ኮክ፣ ፖምና ዘይቱን 3 ሜትር። ከውሃ መስመር ከሆነ፣ መስመሩ ደህና እስከሆነ ድረስ፣ ለእነዚህ ለኋለኞቹ ሁለት ሜትር በቂ ነው። ጌሾ፣ ጽጌረዳ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳምና የመሳሰሉት ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ከራቁ ምንም አይሉም። እነዚህ ርቀቶች ከግንዱ እስከ ቧንቧው ድረስ የሚለኩ ናቸው።

እንግዲህ የእርስዎ ችግኞች። ዝግባው ያሳስበኛል። በጫካ ውስጥ 40 ሜትር ሊደርስ የሚችል ዛፍ ነው። ሴፕቲኩ ከጓሮ፣ የውሃው መስመር በግራ ስለሆነ፣ ከፊት በቀኝ በኩል ያለው ጥግ ከቧንቧ አንጻር ያስተናግደዋል። ግን ከጊዜ በኋላ ከቤቱ መሠረትና ከመብራት ሽቦው ጋር ይጋፋል። በእኔ ፈቃድ ቢሆን እዚያ ጥግ ወይራ ተክዬ፣ ዝግባውን ቦታ ላለው ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን እሰጠው ነበር። ወይራ ይከረከማል፣ በልክ ይኖራል፣ ለጭስም ይሆናል።

አቮካዶውን በቀኝ በኩል መሃል ላይ ያድርጉት፣ ከሴፕቲኩም ከማስረጊያውም ቢያንስ 4 ሜትር ይራቅ። አቮካዶ ቧንቧ ከሚጎዳ ይልቅ ዋልካው እሱን ይጎዳዋል። ሥሩ ከላይ ነው፣ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ስለዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን ከመሬቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ይትከሉት። ግራፍት የተደረገውን (በሌላ ግንድ ላይ የተቀጠለውን) ከገዙ አጠር ይላል፣ ቶሎም ያፈራል።

ለአጥር ያዘጋጁት ቁጥቋጦ የፈረንጅ ጽድ ከሆነ በግራ በኩል አይትከሉት። ትንሽ ሆኖ ሲከረከም ቁጥቋጦ ይመስላል እንጂ ትልቅ ዛፍ ነው። ጥቂት ክረምት ሳይከረከም ካለፈ የውሃ መስመርዎ ላይ የዛፍ ረድፍ ይቆማል። በግራ በኩል ጌሾና የጥብስ ቅጠል እያፈራረቁ ይትከሉ። አንድ ቀን ቧንቧው መቆፈር ቢያስፈልገው ነቅሎ መመለስ ይቻላል። በጓሮ አጥር ቡገንቪሊያ ይሁን።

ማስረጊያው ላይ ሣርና አበባ ብቻ። ሰላጣና ካሮት እዚያ አይዘሩም፣ ከሥራቸው ያለው የሽንት ቤት ውሃ ነው። ሙዝ ወይም እንሰት ከዳር ላይ ማድረግ ይቻላል። ሥራቸው እንደ ዛፍ አይወፍርም፣ ውሃም ይጠጣሉ። ብቻ ከቧንቧው አፍ ሁለት ሜትር ይራቁ።

የጎማ ዛፉ ወደ መጨረሻው ይምጣ ብዬ ነው። ቦታው ትክክል አይደለም፣ ይህን ልደብቅዎት አልችልም። ዛሬ የሚተከል ቢሆን አላስተክለውም ነበር። ግን ቆሟል፣ በክረምትም በበጋም ከዚያ ዋልካ ውስጥ ውሃ እየሳበላችሁ ነው። በአንድ ጊዜ ከተቆረጠ ያ ውሃ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ማስረጊያው የበለጠ ይጨነቃል፣ ዋልካውም አብጦ የአጥሩን ወይም የሴፕቲኩን ግድግዳ ሊገፋ ይችላል። ጉቶውም እንደገና ያቆጠቁጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የዝናቡን ውሃ ለዩ። ሴፕቲኩ ሲመጠጥ፣ ሠራተኛው ከላይ ሆኖ በባትሪ ግድግዳውን ይመልከት። ሥር ገብቶ ካልታየ በዛፉና በሴፕቲኩ መካከል የሥር መከላከያ ይደረግ። ይህ ማለት 1 ሜትር የሚያህል ጥልቀት ያለው ጠባብ ቦይ ተቆፍሮ ወፍራም የኤችዲፒኢ ሸራ ቆሞ ይቀበራል። ሸራው ከመሬት በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ይታይ፣ አለበለዚያ ሥሩ በላዩ ይሻገራል። ቦዩ ከግንዱ ውፍረት አምስት እጥፍ ይራቅ። ግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 1 ሜትር ተኩል ማለት ነው። ግንዱ ከዚያ ወፍሮ ቦታው ካልበቃ ይህን ሥራ አይጀምሩት፣ ሥር በአንድ በኩል ተቆርጦ የተራቆተ ዛፍ በነፋስ ይወድቃል። በክረምትም አይቆፈር። የዋልካ ቦይ ይናዳል፣ የረጠበው መሬትም ዛፉን አይይዝም። መስከረም ሲያልቅ ጥሩ ጊዜ ነው። ቅርንጫፉንም በየዓመቱ ማስከርከም ይጠቅማል፣ ቅጠሉ ሲቀንስ በበጋ ከዋልካው የሚስበው ውሃ ይቀንሳል፣ የአፈሩ መጨማደድም እንዲሁ።

ሥር ግድግዳውን አልፎ ገብቶ ከተገኘ፣ ያኔ እኔም መቆረጡን እደግፋለሁ። አማትዎንም ማንሆሉ አፍ ላይ አምጥተው ያሳዩዋቸው፣ ከነገር ማስረጃ ይሻላል። ከመቁረጥ በፊት ወረዳውን ይጠይቁ። በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ በዓመት እየለዩ ቅርንጫፉን እየቀነሱ ይቁረጡት፣ አፈሩ ቀስ ብሎ እንዲለምድ።

ከአጥርዎ ውጭ መትከል ካሰቡ ጉዳዩ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየመንደሩ ችግኝ ሲተከል ደስ ይለኛል። ማንሆል ክዳን አጠገብ የተተከለ ችግኝ ሳይ ግን ልቤ ይሰጋል። መንገድ ዳር የውሃ ዋና መስመር አለ፣ ቴሌ አለ፣ መብራት አለ፣ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ የሚሄድ የፍሳሽ መስመር ያለበት ሰፈርም አለ። የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱን ጠይቆ መትከል ያዋጣል። ያልታወቀ ቦታ ላይ ደግሞ በዶማ ሳይሆን በአካፋ በዝግታ ይቆፈር።

ጉድጓዶቹን ከማስቆፈርዎ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ግቢውን ይሣሉ። ቆጣሪውን፣ ማንሆሎቹን፣ ሴፕቲኩን፣ የቧንቧውን መንገድ ያስገቡ። እያንዳንዱን ነጥብ ከሁለት የቤቱ ማዕዘኖች ለክተው ቁጥሩን ይጻፉ፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት። በኋላ ቧንቧ የሚፈልግ ሰው ግቢውን ሙሉ አይቆፍርም።

ለዚህ ሐምሌ ወይራውን፣ አቮካዶውንና የግራውን አጥር ይትከሉ። የጓሮው ይቆይ፣ እዚያ ገና ቁፋሮ አለ። ችግኙን ከፕላስቲኩ ሲያወጡ ሥሩን ይመልከቱ። ከሥር ተጠምዝዞ ክብ ከሠራ በስለታም ቢላ ክቡን ቆርጠው ይዘርጉት፣ አለበለዚያ ለዓመታት እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ውሃ ሲያጠጡም ከቧንቧው በተቃራኒ በኩል፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ፣ ጠለቅ እስኪል ያጠጡት።